ማንን ጭነሃል?

ጋሽ ነዚፍ መሞታቸውን የሰማሁት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባለችው የመለዋወጫ ሱቄ ውስጥ፣ ለአንድ ባለባጃጅ የፍሬን ሸራ ስፈልግለት ነው። «የአጋሮ መውጫውን ተራ አስከባሪ ገደሏቸው እኮ» አለኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርጎ። ስማቸውን እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም። እጄ ሳላዘው ተነስቶ ግራ ጉንጬን ይዟል። በዚያ መናኸሪያ ከሠራን ሾፌሮች መካከል የእሳቸው ነገር ሲነሳ ጉንጩን የማይነካ የለም፤ አብዛኞቻችን የመዳፋቸውን ስፋት እናውቀዋለን።

ሰው ሲሞት ሁሉ ደግ ይሆናል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ሟቹ ዝንብ እንኳ ነክቶ እንደማያውቅ ይምላል። እኔ እንዲህ ያለ ውሸት አልጽፍም። ጋሽ ነዚፍ ተደባዳቢ ነበሩ። ይሳደባሉ፣ ኮሌታ ያንቃሉ፣ ቁልፍ ይቀማሉ፣ ቁልፉን ካጡ ደግሞ ከኪሳቸው በማትለየው ሰንጢ ጎማ ይበሳሉ። የሚገርመው ግን ማንም አንተ ብሏቸው አያውቅም። እኔ ራሴ «ኧረ ጋሽ ነዚፍ፣ ምን አድርጌዎት ነው?» እያልኩ ነው የተጠፈጠፍኩት።

የጅሬን ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል መሪ ይዘዋል፤ መጀመሪያ የጭነት መኪና፣ ኋላ ደግሞ አውቶቡስ። ሥራውን ከተዉ በኋላም መኪናው ከሰውነታቸው አልወጣም። አንገታቸው አይዞርም ነበር። ወደ ጎን ማየት ሲፈልጉ ከወገባቸው ጀምሮ ሙሉ ሰውነታቸውን እንደ ቁም ሳጥን ነው የሚያዞሩት። ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረው ግራ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ሲንቋቋ ከሩቅ ይሰማል። ለመቀመጥማ ጭራሽ አይሆንላቸውም፤ ወገባቸው ሁለት ደቂቃ አይታገሣቸውም። ምሳቸውን ከግድግዳ ተደግፈው፣ ሳህኑን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ቆመው ይበላሉ። «ይቀመጡ እንጂ ጋሽ ነዚፍ» ያላቸው እንግዳ ሲኖር «የእኔን ተቀምጬ ጨርሻለሁ» ይሉታል።

የተራ አስከባሪ ሥራ ቀላል ነው። ተራው የደረሰውን ሚኒባስ ማስጫን፣ ሲሞላ መሸኘት፣ ተራ የሚሰርቀውን መጮህ። ጋሽ ነዚፍ ግን ማንም ያላዘዛቸውን አንድ ሥራ ጨምረውበት ነበር። መኪናው ሞልቶ በሩ ሊዘጋ ሲል በሾፌሩ መስኮት በኩል ይመጡና ክንዳቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

«ማንን ጭነሃል?»

ዞሮ ማየት የለም። በመስታወት ሰረቅ አድርጎ ማየትም የለም። ከራስህ ነው የምትመልሰው። «ኋላ ሦስት ተማሪዎች፣ አንዷ መነጽር አላት። መሐል ዱላ የያዙ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር። እዚህ ጎኔ ነጋዴ፣ እግሩ ሥር ጀሪካን አለ» ካልክ በሩን በመዳፋቸው መታ ያደርጉና «ፊ አማኒላህ፣ ሂድ» ይሉሃል። «ሞልቷል ጋሽ ነዚፍ» ወይም «ሰው ነዋ፣ ማንን ልጭን» ካልክ ግን ጥፊው ከቃልህ ጋር እኩል ነው የሚደርሰው። ከጥፊው በኋላ ክንዳቸው በመስኮቱ ይገባና ቁልፉን ነቅለው ይወስዳሉ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወደሚቀጥለው መኪና ይዛወራል፤ አንተ ከቢሯቸው ጀርባ፣ ባዶ ማዳበሪያ የተነጠፈበት ጥግ ትሄዳለህ። «ረፊ!» ይሉሃል። በኦሮምኛ ተኛ ማለታቸው ነው። ሰው ሲሰድቡ በአማርኛ፣ ሰው ሲያስተኙ በኦሮምኛ ነው።

አንድ ቀን ለምን መንገዱን ወይም የመኪናውን ነገር እንደማይጠይቁ ጠየቅኋቸው።

«የደከመ ሰው መንገዱ አይጠፋውም» አሉኝ። «መንገዱን እጁም ያውቀዋል። የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚጠፋው የጫነው ሰው ነው።»

ይህ ነገር የሚገባው የቡና ወቅት ሲመጣ ጅማን ላየ ነው። እሸቱ ሲቀላ መኪናው ሁሉ ይሰክራል። ጎህ ሲቀድ ለቃሚዎችን ጭነን ወደ አጋሮ እንበራለን፣ ስንመለስ ነጋዴና ተማሪ እናመጣለን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተለቀመ እሸት ጣራችን ላይ ቆልለን ወደ ማጠቢያ ጣቢያ እንሮጣለን። እሸት ቡና ካደረ ይበላሻልና ባለቤቱ ከኋላ እያሳደደ ነው የሚያስነዳን። ሁለት ወር እንዲህ ነው። እግራችን ከጫማ አልወጣ ይላል፣ ጣቶቻችን መሪውን ከለቀቁ በኋላም እንደ ቀለበት ታጥፈው ይቀራሉ፣ ሽንታችንን ስንይዝ ውለን ኩላሊታችን ይጮኻል። መድኃኒታችን ጫት ነው። የእኛ ሰው ትልቁ ስህተትም እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ እስካልተከደነ ድረስ የተኛ አይመስለውም። ጉንጩን ሞልቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ በጠራራ ፀሐይ ተኝቶ የሚነዳ ስንቱ ነው! ማን ይንገረው? ጋሽ ነዚፍ ይነግሩታል፣ በመዳፋቸው።

እኔን የነገሩኝ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጡንቻዬንም ዶልፊን ሚኒባሴንም እኩል የምወድበት ዘመን። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጭኜ ጨርሻለሁ። መጡና ጠየቁኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ኋላዬ አሥራ አራት ሰው ይተነፍሳል፣ አንዲት ሴት ትስላለች፣ እኔ ግን አንዱንም አላየሁም። ሳቅ ብዬ ላልፈው ፈለግሁ። ጥፊያቸው የጫቱን ጉንጭ ስላገኘ አፌ ውስጥ ያለው ሁሉ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ቁልፌን ነቀሉ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያሳበደኝ።

በሩን በርግጄ ወርጄ በሁለት እጄ ደረታቸውን ገፋኋቸው። በጀርባቸው ወደቁ፣ በዚያ በታመመ ወገባቸው። ሲወድቁ ያወጡትን ድምፅ አልረሳውም፤ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። እኔ ግን አልበቃኝም፤ ላያቸው ላይ ወጥቼ ቁልፌን ከጭብጣቸው ለማስለቀቅ ጣታቸውን መጠምዘዝ ጀመርኩ። ይኼኔ ቁልፉን ሱሪያቸው ውስጥ ከተቱት። እውነቴን ነው፣ እዚያው። «ና ውሰዳ!» አሉኝ፣ ሲወድቁ ከነከሱት ከንፈራቸው ደም እየወጣ፣ በዓይናቸው እየሳቁ። «ወንድ ከሆንክ ና ውሰድ!» መናኸሪያው በሙሉ ቆሞ ያየናል። በዚያን ሰዓት ውስጤ አንድ ነገር ተሰበረና ዕንባዬ መጣ። ረዳቴ ጀማል ከወገቤ አቅፎ አነሳኝ። ማዳበሪያው ላይ እንደ ሬሳ ወደቅሁ።

ስነቃ አሥር ሰዓት አልፏል። ጋሽ ነዚፍ አጠገቤ ግድግዳ ተደግፈው ሻይ ይጠጣሉ። ከንፈራቸው አብጧል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ተነሳሁ፤ በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝና ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ደግመው አልተናገሩትም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አውቶቡስ ሲነዱ በአንድ የቡና ወቅት ለቃሚዎችን ጭነው ወደ ሊሙ በኩል ይሄዱ ነበር። ቀን ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ዓይናቸው ተገልጧል። ሲነቁ አውቶቡሱ ገደል ውስጥ ነው። ስንት እንደሞተ አልነገሩኝም። የነገሩኝ በማግስቱ እስር ቤት ድረስ ስለመጣ አንድ ገበሬ ነው። ሚስቱ ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ገበሬው አልጮኸባቸውም። የት ጋ ተቀምጣ እንደነበር፣ ከማን ጋር ታወራ እንደነበር፣ በመጨረሻው ቀን እንዴት እንደነበረች ብቻ ጠየቃቸው። ጋሽ ነዚፍ ለሁለት ሰዓት ያህል የጫኗትን ሴት ጨርሶ አላዩዋትም።

«አላውቅም አልኩት» አሉኝ። «በዚህን ጊዜ መታኝ። እንዲህ አድርጎ፣ በሙሉ መዳፉ። ወላሂ ከሕይወቴ ሁሉ ትክክለኛዋ ጥፊ እሷ ናት። አንድ ጥፋት ብቻ ነበረባት፤ ዘግይታለች። እኔ ቀድሜ እመታለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ወደድኳቸው ብል ዋሽቻለሁ። ፈራኋቸው፣ አከበርኳቸው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠላኋቸው። ሾፌሮች አንድ ጊዜ አምስት ሆነው በጠራራ ፀሐይ ከቢሯቸው ጀርባ ደብድበዋቸዋል። ቅንድባቸው ተሰፍቶ፣ አንድ ጥርሳቸው ጎድሎ በማግስቱ ከሁሉም ቀድመው መጡ። ከአምስቱ የመጀመሪያው ሲጭን ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉና «ማንን ጭነሃል?» አሉት። አልከሰሱም። ቂም የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ለቂም የሚሆን ጊዜ ያላቸውም አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ዙሪያውን ስሄድ የቆየሁት እዚህ ላለመድረስ ነው።

ጀማል ረዳቴ ነው ብያለሁ፤ በዕድሜ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። አወቱ መንደራ ቤት ያለው፣ ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው፣ ዝምተኛ ሰው። ጉልበቱ ለሾፌርነት አልሆን ብሎት ነው በረዳትነት የቀረው፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ጎንበስ ቀና ማለቱ ደግሞ ትከሻውን አንሸዋሮት ነበር። በአንዱ ዓመት የቡናው ወቅት ከብዶን ሦስተኛ ቀናችንን ያለ ደህና እንቅልፍ ስንሮጥ፣ ለምኜ አንድ ተንኮል አስተማርኩት። በሩን ሲዘጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የጫነውን ይነግረኛል፤ እኔ እንደ በቀቀን ለጋሽ ነዚፍ እደግምላቸዋለሁ። ጀማል አልወደደውም። «ማሎ፣ ይቅርብህ፣ ሁለት ሰዓት ተኛ» አለኝ። አኮረፍኩት። እሺ አለኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ጋሽ ነዚፍ መስኮቱ ላይ መጡ።

«ማንን ጭነሃል?»

«ኋላ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ነፍሰ ጡር። አጠገባቸው ጥቁር ኮፍያ ያደረገ ወጣት። ከፊታቸው ሕፃን ያዘሉ እናት፣ ቀይ ብርድ ልብስ። መሐል ሦስት ለቃሚዎች፣ ቅርጫት ይዘዋል...»

ሁሉንም ተወጣሁት። ጋሽ ነዚፍ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አንድ ነገር እንደሸተታቸው አሁን ይገባኛል። ግን ሕጋቸው ሕግ ነው፤ የመለሰ ይሄዳል። በሩን መታ አደረጉ። «ፊ አማኒላህ።»

የቡ የምትባለውን ከተማ አልፈን፣ አጋሮ ሳንደርስ፣ መንገድ ዳር እሸት የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ አይቶታል። እኔ አላየሁትም። ዓይኔ ተገልጦ ነበር፤ ጫቱ ጉንጬ ውስጥ ነበር፤ አስፋልቱ ፊቴ ነበር። ፍሬን አልያዝኩም። ፖሊሱ በኋላ መንገዱን ጎንበስ ብሎ አይቶ አንዲት የጎማ ጭረት እንኳ እንዳላገኘ ነገረኝ። የዶልፊኑ ቀኝ ጎን ከፊት እስከ ኋላ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ተከፈተ። ቀኝ ጎን በሩ ያለበት ነው። በሩ ላይ ጀማል ነው ያለው።

የአይሱዙው ማዳበሪያ ፈንድቶ እሸቱ አስፋልቱን ሞላው። ክንዴ ተሰብሮ በሆዴ እየተሳብኩ ጀማልን ስፈልግ መሬቱ ሁሉ ቀይ ነበር፤ የትኛው ቡና፣ የትኛው ደም እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እጄ ነክቶ ነው የለየሁት። ቡናው ቀዝቃዛ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ሴት ትጮኻለች፣ ሕፃኑ ይጮኻል፣ ሕፃኑ በመጮኹ አመሰገንኩ። ጀማል አልጮኸም። ሲያገኙት በአይሱዙው የኋላ ጎማና በተቀደደው ብረት መካከል ነበር፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ።

ጋሽ ነዚፍ ሆስፒታል መጡ። ከአልጋዬ ራስጌ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ዓይኔን ጨፍኜ ጥፊውን ጠበቅሁ። እንዲመቱኝ ፈልጌ ነበር፤ እንደዚያን ቀን ጥፊ ፈልጌ አላውቅም። አልመቱኝም።

«ማንን ጭነህ ነበር?» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ጀማል በጆሮዬ የነገረኝ ዝርዝር አሁንም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። አንዱንም ሳልዘል ጠራሁላቸው። ነፍሰ ጡሯን፣ ባለ ኮፍያውን፣ ቀዩን ብርድ ልብስ፣ ለቃሚዎቹን፣ ሁሉንም።

«ጀማልስ?»

«ጀማል ምን?»

«ጀማል ምን ለብሶ ነበር?»

አሰብኩ። ያን ዕለት ጠዋት ከአንድ ሳህን ፉል በልተናል። እጁ ከእጄ ጋር ዳቦው ላይ ተጋጭቷል። ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሟል። ስለ ሰው ሁሉ የነገረኝ ጀማል ስለ ራሱ አልነገረኝም፣ እኔም አላየሁትም። ጋሽ ነዚፍ እስኪበቃቸው ጠበቁኝና፣ ያን የማይዞር አንገታቸውን ይዘው በሙሉ ሰውነታቸው ዞረው ወጡ።

ታሰርኩ፣ ተፈታሁ። መሪ ዳግመኛ አልያዝኩም። ከተፈታሁ በኋላ መናኸሪያ ሄጄ ሰላም ስላቸው እጄን አጥብቀው ይዘው «አወቅኸው?» አሉኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አላወቅሁም አልኩ። «የጀማል ሚስት ዘይነባ ታውቃለች። ቤቷን ታውቀዋለህ። ሂድና ጠይቃት።» እሺ አልኩ። አልሄድኩም። አወቱ መንደራ ከሱቄ በባጃጅ ምንም ያህል አይርቅም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ግን ባጃጅ በዚያ በኩል ላቋርጥ ሲለኝ እንኳ በሌላ በኩል አስዞራለሁ። ጋሽ ነዚፍ በሱቄ ደጃፍ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ያዩኛል። አላወቅሁም ለማለት አንገቴን እነቀንቃለሁ። ይሄዳሉ። ከጥፊያቸው ይልቅ ይህ ዝምታቸው ያመኝ ነበር፤ አንዳንዴ እንደመጡ ሳይ ከመደርደሪያው ኋላ እደበቃለሁ።

አገዳደላቸውን የሰማሁት ጅሬን፣ ለቅሷቸው ላይ ነው። የነገረችን አንዲት የየቡ ሴትዮ ናት፤ በተገደሉ ዕለት ከሚኒባሱ ውስጥ የነበረች፣ ሟቹን በሕይወቷ ለአንድ ሩብ ሰዓት ብቻ ያየች።

ከጁምዓ ሶላት መልስ ነው። ሚኒባሱ ሞልቷል። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ለወቅቱ ከሌላ መስመር የመጣ፣ ሰውየውን የማያውቅ። «ማንን ጭነሃል?» አሉት። «ምን አገባህ ሽማግሌ» አላቸው። አንተ ያላቸው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። መቱት፣ ቁልፉን ነቀሉ። ልጁ ከመቀመጫው ሥር የጎማ መፍቻውን ብረት አንስቶ ወረደና ጭንቅላታቸውን አለው። ሲወድቁ ደገማቸው። ሰው ደርሶ ሲይዘው እንኳ ብረቱን አልለቀቀም ነበር።

«እሳቸው አልሞቱም ያኔ» አለች ሴትዮዋ። «የፊቱን ጎማ ተደግፈው ተቀመጡ።»

ጋሽ ነዚፍ ተቀመጡ! እሳቸውን የምናውቅ ሁሉ ለቅሶው ውስጥ ቀና አልን።

«ደሙ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ቁልፉን ጭብጥ አድርገዋል። እኛን ውረዱ አሉን። ሰው ደንግጦ አልወርድ አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ይጠሩን ጀመር። ወላሂ አንድ በአንድ! አንተ ባለ ሬዲዮ፣ ውረድ። አንቺ ዶሮ የያዝሽ፣ ውረጂ። ሁለታችሁ ወንድማማቾች፣ ውረዱ። እኔን ባለ ቢጫ ሻሽ አሉኝ። ኋላ ጥግ ተሸፍኖ የተቀመጠውን በሽተኛ እንኳ አልረሱትም። ሁላችንም ወርደን ስናልቅ ጨረሱ።»

ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። ቁልፉን ከመዳፋቸው ያወጣው ፖሊስ ጣት በጣት ፈልቅቆ ነው አሉ። ልጁን ደግሞ ጣቢያ አስገብተው ቃሉን ሊቀበሉት ሲሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተኛ። ደም ያለበት እጁ ጭኑ ላይ፣ አፉ ተከፍቶ። ውሃ ቢደፉበትም አልነቃም፤ እስኪነጋ ድረስ እንደዚያው ተኛ። ይህን ስሰማ ጠላሁት፤ ባገኘው ኖሮ በዚያው ብረት እመታው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ማን እንደሆነ አወቅሁት። ያ ልጅ እኔ ነኝ፤ ያኔ ደረታቸውን ገፍቼ ላያቸው ላይ የወጣሁት። በእጄ ብረት ስላልነበረ ብቻ ነው ነገሩ በደማ ከንፈር ያለፈው።

ከለቅሶው ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። «አወቱ መንደራ» አልኩት።

ዘይነባ ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ወዲያው አወቀችኝ፤ እጇን ከአረፋው ሳታወጣ ቆየች።

«ደረጀ» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?»

«ፈርቼ ነው እትዬ።»

«ዛሬ ምን አመጣህ?»

ጋሽ ነዚፍ መሞታቸውን ነገርኳት። ሰምታለች። ኢና ሊላሂ አለች። ከዚያ ጥያቄውን ጠየቅኋት፤ ያን ዕለት ጀማል ምን ለብሶ እንደነበር።

የታጠበ ሸሚዝ ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።

«አረንጓዴ ሹራብ። ክርኑ ተቀዶ ነበር፤ ጠዋት ሊወጣ ሲል ቁጭ አድርጌ ጣፍኩለት። አረንጓዴ ክር ስላጣሁ በጥቁር ነው የጣፍኩት። ያስቃል፣ ቀይረው አልኩት። እዚያ ማን ያየኛል አለኝ።»

ዞራ መጣች። በእርጥብ እጇ፣ በሙሉ መዳፏ፣ ግራ ጉንጬን መታችኝ። የሳሙናው አረፋ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አልተንቀሳቀስኩም። ሁለተኛ አልመታችኝም፤ እዚያው መታጠቢያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እኔም ቆሜ አለቀስኩ።

በሱቄ ደጃፍ ቆሞ የሚጠይቀኝ ሰው ከእንግዲህ የለም። እኔ ግን ልመልስ። ጋሽ ነዚፍ፣ ጀማል አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ክርኑ በጥቁር ክር የተጣፈ።